ለ12 ምግብ ቤቶች 12 የቅባት ማጥመጃ ሳጥን፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎችና ደንበኞቻችን፣

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው በባለቤታቸው የሚተዳደሩ 12 ትናንሽ ምግብ ቤቶች በማኅበራችን በኩል አንድ ሥራ አብረው ለመሥራት ተስማምተዋል። ከእቃ ማጠቢያቸው የሚወጣውን ቅባት ወደ ጋራ ቱቦው ሳይገባ እዚያው ማዕድ ቤታቸው ውስጥ ሊያስቀሩት ነው። ለዚህ የእናንተን እገዛ እንፈልጋለን።

ቅቤ 35 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የበሬ ሞራ ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የክትፎ ሳህን በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ሁሉም ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል፤ ሲንኩ ላይ ለቆመ ሰው የጠፋ ይመስላል። ጥቂት ሜትር እንደሄደ ግን ቱቦው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይረጋል። እንደ ሻማ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ዙሪያውን ይለጠፋል፣ በላዩ ሌላ ይደረባል፣ የእንጀራ ፍርፋሪና የቡና አተላ ይጣበቅበታል። 110 ሚሊሜትር የነበረው ቱቦ ውሎ አድሮ ሁለት ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ይቀረዋል። ሽቦ ቢገፉበት መሃሉን ይበሳዋል እንጂ ዙሪያውን አያነሳውም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሶ ይደፈናል። በረኪናና ኮስቲክ ሶዳም ቅባቱን ለጊዜው አሟሙተው ወደ ታች ይገፉታል፤ የሚረጋው የጎረቤት ማንሆል ውስጥ ነው። አንድ ምግብ ቤት ብቻውን መላ ሊያበጅለት የማይችለው ለዚህ ነው። ማንሆሉ ሲሞላ የሚፈሰው እግረኛ መንገድ ላይ ነው፤ ከዚያም በጎርፍ መውረጃው አድርጎ ወደ ግንፍሌና ቀበና ወንዞች።

ባለቤቶቹ ራሳቸው ለምን አያሠሩትም የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ተነስተው የመጡ ናቸው። በኪራይ ቤት እንደገና ጀምረዋል፤ ያላቸው ገንዘብ በቅድሚያ ኪራይና በእድሳት አልቋል። አከራይ ደግሞ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ማስቆፈር አይወድም፤ ቢፈቅድም ተከራዩ ሲለቅ ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የመረጥነው ከሲንኩ ሥር ወይም አጠገቡ ወለል ላይ የሚቀመጥ፣ ባለቤቱ ቤት ሲቀይር ፈትቶ የሚወስደው ሳጥን ነው።

ሳጥኑ 100 በ50 በ50 ሴንቲሜትር ሲሆን ውሃው 40 ሴንቲሜትር ላይ ይቆማል፤ 200 ሊትር ማለት ነው። አንድ ሲንክ 60 ሊትር ይይዛል፣ ለመፍሰስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሁለት ሲንክ በአንዴ ቢለቀቅ እንኳ ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ቅባቱ ቀዝቅዞ ለመንሳፈፍ ያ ይበቃዋል። ውስጡ ከታች 10 ሴንቲሜትር ክፍት በሆኑ ሁለት ግድግዳዎች ለሦስት ይከፈላል፤ ቅባቱ ላይ ሲቀር ከሥር ያለው ውሃ ብቻ ያልፋል። መግቢያው ላይ ፍርፋሪ የሚይዝ ወንፊት ይቀመጣል።

መውጫው የግድ ቲ፣ ማለትም ሦስት አፍ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ፣ መሆን አለበት። ብዙ ሠራተኛ ክርን፣ ማለትም ሁለት አፍ ብቻ ያለው የታጠፈ መገጣጠሚያ፣ ይገጥማል፤ ክርን ላዩ ድፍን ስለሆነ ውሃው በኃይል ሲወርድ አየር አያገኝም፣ ሳጥኑን እስከ ታች ይመጠውና የተጠራቀመውን ቅባት አብሮ ይወስደዋል። የቲው አፍ ከላይ ክፍት ሆኖ፣ ታችኛው ጫፍ ከወለሉ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ላሜራው 2 ሚሊሜትር ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ነው። የቆየ ቅባት አሲድ ስለሚሆን ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ቶሎ ይበላል፤ ስቴንለሱም በተራ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ከተበየደ መገጣጠሚያው ላይ ይዝጋል።

ሳጥኑ ካልተጸዳ ከሌለ አይሻልም። የተንሳፈፈው ቅባትና ሥር የዘቀጠው ዝቃጭ ተደምረው 10 ሴንቲሜትር ሲደርሱ መውጣት አለበት፤ 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው። ጥሩው ሰዓት ጠዋት፣ ሲንኩ ሥራ ሳይጀምር ነው፤ ቅባቱ ሌሊቱን ስለሚረጋ በመጥለፊያ እንደ ቂጣ ይነሳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዘይት ስለሚበዛ ላዩ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ከፋሲካ ማግስት ቅቤውና ሥጋው በአንድ ቀን ይመለሳል፣ ያን ሰሞን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ማኅበሩ እቃ አጣቢዎችን በየምግብ ቤታቸው እየሄደ ያሠለጥናል፦ ሳህኑ ሳይታጠብ ይጠረጋል፣ የፈላ ውሃ በቀጥታ ወደ ሲንክ አይደፋም፣ የመጥበሻ ዘይት ለብቻው በጀሪካን ይጠራቀማል። ይህን ሥልጠና ከሳጥኑ እኩል ዋጋ እንሰጠዋለን።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። ከሦስት ሙሉ ላሜራ ሁለት ሳጥን ስለሚወጣ ለ12ቱ 18 ላሜራ፣ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ። 12 ባለ 110 ሚሊሜትር ቲ፣ 24 ሜትር ቱቦ፣ የስቴንለስ ኤሌክትሮድ፣ 36 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከነክዳኑ፣ እና ቅባቱን ሰብስቦ የሚያመጣ አንድ የእጅ ጋሪ። የብረት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በብር ከምንቆርጠው በቁሳቁስ ቆጥረነዋል። አንድ ላሜራ የሚችል አንድ ላሜራ፣ አንድ ጀሪካን የሚችል አንድ ጀሪካን ይስጥ። ጀሪካኑ ያገለገለ ቢሆንም ይሆናል፣ የኬሚካል እስካልነበረ ድረስ። የብየዳ ወይም የቧንቧ ሙያ ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን እንደ ገንዘብ እንቆጥረዋለን።

የብየዳና የመግጠሚያ ወጪውን እያንዳንዱ ባለቤት ራሱ ይችላል። ሳጥን የወሰደም በየወሩ እንደ እቁብ ወደ ማኅበሩ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ የሚቀጥሉት ምግብ ቤቶች ሳጥን ይሠራል። ገንዘብ የሚገባው በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ሲሆን የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው። በማንኛውም አባል ምግብ ቤት ካሸሩ ጋ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የገባውና የወጣው በየሳምንቱ እዚያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ላሜራዎች እንደገቡ ብየዳው ይጀመራል፤ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ቁልቁለቱ ላይ ከሁሉም በላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው፣ የእነሱ ቅባት የሁሉንም ቱቦ ስለሚያልፍ። ሰኔ ሳይገባ 12ቱም ቢገጠሙ እንወዳለን፤ የዝናብ ውሃ ወደ ማንሆሉ ከገባ በኋላ ቱቦውን ከፍቶ መሥራት አይቻልም።