«ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ከርዕሱ በላይ ይቀመጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በዜና ድረ ገጾች ላይ ከጽሑፉ ግርጌ «እነዚህንም ያንብቡ» ተብለው የሚደረደሩት ባለ ፎቶ ርዕሶች ብዙዎቹ ዜና ሳይሆኑ ማስታወቂያ ናቸው። የሚያስገባቸውም ጋዜጠኛው ሳይሆን ቦታውን በቅጽበታዊ ጨረታ የሚሸጠው የማስታወቂያ አከፋፋይ ነው። አጭበርባሪዎች የሚሾልኩት በዚህ ቀዳዳ ነው። አንባቢው የሚነካቸው ጋዜጣውን ስለሚያምን በመሆኑ ጉዳዩ ለሽያጭ ክፍሉ ብቻ የሚተው አይደለም።

ርዕሱ ሲነካ የታወቀ የዜና ተቋም አርማና ቀለም የተገለበጠበት ገጽ ይከፈታል። አንድ ዝነኛ ሰው በቴሌቪዥን «ምስጢሩን አወጣ» ይላል፤ ምስጢሩ ወይ በራሱ የሚነግድ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መድረክ ነው፣ ወይ ስኳር በሽታን ያድናል የተባለ ጠብታ። ቀኑ ሁልጊዜ የዛሬ ነው፤ አጭር ኮድ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ይጽፈዋልና። የአንባቢውን ከተማ የሚጠራውም ከኢንተርኔት አድራሻው ገምቶ ነው። ማረጋገጥ የፈለገ ከላይ ያለውን «ስፖርት» ወይም «ፖለቲካ» ይንካ። በሐሰተኛው ገጽ ላይ ሁሉም ወደ አንድ የመመዝገቢያ ቅጽ ይወስዳል። የአድራሻው የቁልፍ ምልክት ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ግንኙነቱ መመስጠሩን እንጂ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይናገርም።

ከሁሉ የከፋው አቤት ላለ አንባቢ የሚሰጠው «መርምረነዋል፣ ችግር የለበትም» የሚለው መልስ ነው። መላሹ ላይዋሽ ይችላል፤ ገጹ ሁለት ፊት አለው። ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) የመጣውን ሰው ይመዝናል፦ በስልክ ነው በኮምፒውተር? ከሚፈለገው አገር ነው? ማስታወቂያው ሲነካ የሚፈጠረውን መለያ ቁጥር ይዟል? ካልጣመው ስለ ጫማ ወይም ስለ አትክልት የሚያወራ ንጹሕ ገጽ ያሳየዋል። ስለዚህ ሊንኩን ቀድቶ በቢሮ ኮምፒውተር መክፈት ምርመራ አይባልም። ዋይፋይ በጠፋበት ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ ማስታወቂያውን ራሱን ነክቶ፣ በተለያየ ሰዓት መሞከር ያስፈልጋል። አንዳንዱም ንጹሑን ገጽ አሳይቶ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ይዘቱን ይለውጣል፤ አንድ ጊዜ ማለፉ ዋስትና አይሆንም።

ሲገኝም ከመነካቱ ጀምሮ የስክሪኑን ቪዲዮ መቅዳት፣ ሙሉ አድራሻውንና ሰዓቱን መጻፍ ይገባል፤ አቤቱታው እስኪታይ ገጹ የውሃ ሽታ ይሆናልና። አድራሻውን ብቻ መዝጋትም ከንቱ ነው፤ አዲስ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) በርካሽና በደቂቃዎች ይገዛል። አከፋፋዩ የአስተዋዋቂውን አካውንት እንዲዘጋ መጠየቅ፣ ካልሆነም የኢንቨስትመንትና የ«ተአምር መድኃኒት» ዘርፎችን ጨርሶ ማገድ ይሻላል። ገቢው ይቀንሳል፤ ቢሆንም ያ ገቢ የሚመጣው ከአንባቢው ኪስ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 በሐሰተኛ የዜና ገጾች አሳኢ ከተባለ ፍሬ የተሠራ ማቅጠኛ ይሸጡ የነበሩ 10 አካላት እንዲታገዱ ፍርድ ቤት ጠይቋል። በዲሴምበር 2015 ባወጣው መመሪያ ደግሞ አንባቢው ከመንካቱ በፊት ማስታወቂያ መሆኑን ማወቅ እንዳለበት፣ ምልክቱም ከርዕሱ አጠገብ መሆን እንዳለበት አስቀምጧል። «የቀረበልዎ» ወይም «ተመራጭ» የመሰለ ድፍን ቃል አይበቃም። «ማስታወቂያ» ይባል፤ በጥግ ላይ በፈዘዘ ግራጫ ሳይሆን ከርዕሱ በላይ፣ በሚነበብ ፊደል።

ቅጹን የሞላ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይደወልለታል። የመጀመሪያው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ 250 ዶላር ነው፤ በመድረኩ ሰሌዳ ላይ ትርፉ ሲያድግ ያያል፤ ላውጣ ሲል «መጀመሪያ ግብር ክፈል» ይባላል። እዚህ ላይ ምንም ሳይከፍሉ ወዲያው ለባንክ ደውሎ ካርዱን ማዘጋትና ክፍያውን መቃወም ያስፈልጋል። አጭበርባሪዎቹ ስልክን ከሩቅ የሚቆጣጠር መተግበሪያ አስጭነውት ከሆነ ኢንተርኔቱን ማቋረጥ፣ መተግበሪያውን ማጥፋት፣ የባንክ የይለፍ ቃሉን ከሌላ መሣሪያ መቀየር ይገባል። ከሳምንታት በኋላ «ገንዘብዎን እናስመልሳለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ቢደውል ያም ማጭበርበር ነው፤ ስልኩን ያገኘው የተጎጂዎች ስልክ ዝርዝር ስለሚሸጥ ነው።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በገጻችሁ ላይ ወጥቶ ከተገኘ በዝምታ ማንሳት አይበቃም። ከየትኛው ቀን እስከየትኛው ቀን እንደታየና ምን ይል እንደነበር በዚያው ቦታ ቢገለጽ፣ የከፈለ አንባቢ የባንኩ የመቃወሚያ ጊዜ ሳያልፍበት ሊደርስበት ይችላል።