ለልጄ፦ አያትሽ ያልነገሩኝ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ስንደዋወል «እማዬ፣ ደክሞሻል፤ ሥራውን ተዪውና እኔ ጋ ሐዋሳ ነይ» ያልሽኝን ሳስብበት ሰነበትኩ። ስለምትወጂኝ ነው ያልሽው። ያኔ ዝም ያልኩት አያትሽ አጠገቤ ስለነበሩ ነው።

የወር አበባዬ ከቆመ ዓመት አልፎታል። ማረጥ የሚባለው ይኸው ነው። አያትሽ አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም፤ በዘመናቸው ነውር ስለነበር አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን ከእኔ አፍ ስሚው። አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመታቸው ባለው ጊዜ እዚህ ይደርሳሉ። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ እያለ ሰውነት በድንገት ይግላል፣ እንቅልፍም ይነሣል። በዚያ በሐምሌ ብርድ እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ልብሴን ገፍፌ መስኮት ስከፍት ወንድምሽ «አመመሽ?» እያለ ይነሣ ነበር። በሽታ አይደለም። ሆርሞኑ ሲቀንስ አጥንትም ስለሚሳሳ ግን ከሥራ ስወጣ ታክሲውን ትቼ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ እሄዳለሁ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ አምሯል። የሚከፋኝ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቶቼ ወደ ከተማው ዳር ስለተበተኑ መንገድ ላይ ቆሜ የማወራው ሰው ማጣቴ ነው።

መነጽሬን አይተሽም «አረጀሽ» ብለሽኛል። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ የቅርቡ ነገር ይደበዝዛል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያለ መነጽር አላነበውም። ነገር ግን ጤና ጣቢያችን ወረፋ ከሚጠብቁት እናቶች መካከል የማንኛዋ ልጅ ቀድሞ መታየት እንዳለበት ከአተነፋፈሱ እለየዋለሁ፤ በ25 ዓመቴ ይህን አልችልም ነበር። ዋርነር ሻይ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 በሲያትል በጀመረው ጥናት ሰዎችን በየ7 ዓመቱ እየፈተነ ይከታተል ነበር። የአእምሮ ፍጥነት ቀድሞ ቢቀንስም፣ የቃላት እውቀትና ነገርን አገናዝቦ መረዳት በጎልማሳነት ዘመን ከፍ ብለው ተገኙ። እኔም በሥራዬ ላይ የማየው ይህንኑ ነው።

ነርስነት ስንማር ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ መክፈሉን ለፈተና ሸምድጄ ነበር። ሰባተኛው አሁን ያለሁበት ነው፤ ሰው ወይ ለተተኪው ትውልድ የሚሆን ነገር ያፈራል፣ ወይ ባለበት ይረግጣል። ትርጉሙ የገባኝ አዳዲስ ነርሶች ጤና ጣቢያችን ሲመደቡ ነው። የሕፃን ደም ሥር ፍለጋ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ መርፌውን አልቀበላቸውም፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። አንዷ ባለፈው ሳምንት በመጀመሪያው ሙከራ አግኝታው ዞራ አየችኝ። ልጄ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ማለት እችላለሁ። ጡረታዬ በ60 ነው፤ እስከዚያ እዚሁ ነኝ።

ድካሙ ግን እውነት ነው። አያትሽ ሌሊት ሌሊት ይነሣሉ፣ ወንድምሽ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለበት፣ እኔ መሀል ላይ ነኝ። ስለዚህ ሐዋሳ ከምትወስጂኝ ለመስቀል ስትመጪ አንድ ሳምንት ጨምረሽ ቆዪ። ሌሊቱን ከአያትሽ ጋር አንቺ ተኚ፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸው ከራት በኋላ ነው፣ «ውጫለሁ» ቢሉሽ እንኳ ብልቃጡን እይ።

እናትሽ