በ106 ብቻ አትተማመኚ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? በቴሌግራም የላክሽውን የኮሌስትሮል ምርመራ ወረቀት አየሁት። ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 106 ስለሚል ደህና ነኝ ብለሻል፤ እኔን ግን ከበታቹ ያለው ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 300 አላማረኝም።

ያ 106 በሒሳብ የተገኘ ነው፦ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል 200 ላይ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው) 34 እና የትራይግሊሰራይዱ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 60፣ ተቀንሶ። ትራይግሊሰራይድ ከፍ ሲል ስሌቱ ይዛነፋል፤ ከ400 ካለፈማ ጭራሽ አይሠራም። ደግሞ ኤልዲኤል የሚነግርሽ በደም ውስጥ ስብ የሚያጓጉዙት ቅንጣቶች የተሸከሙትን ኮሌስትሮል እንጂ የቅንጣቶቹን ብዛት አይደለም። ትራይግሊሰራይድ ሲበዛ እያንዳንዱ ቅንጣት የሚይዘው ኮሌስትሮል ያንሳል፣ ቁጥራቸው ግን ሊበዛ ይችላል። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚቀረው ደግሞ ቅንጣቱ ራሱ ነው።

እስቲ ከ200 ላይ 34ቱን ብቻ ቀንሺ፤ 166 ይመጣል፤ ይህ ከኤችዲኤል ውጭ ያለው ኮሌስትሮል ሁሉ ነው። ከ130 ባይበልጥ ነበር ደስ የሚለኝ። ስለዚህ አፖቢ የሚባለውን የፕሮቲን ምርመራ አሠሪ። እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ አፖቢ ብቻ ስለሚይዝ እውነተኛው ቆጠራ እሱ ነው፤ ከ100 በታች ይሁን፣ ስኳር ከተገኘብሽ ከ80 በታች። እዚህ ለገጣፎ ክሊኒክ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ፤ ካልሠሩት መሀል ከተማ መውረድ ነው። አጎትሽ 50 ሳይሞላው ልቡን ስለታመመ ላይፖፕሮቲን ኤ የሚባለው ስብ ተሸካሚ ቅንጣትም ይታይልሽ። በዘር የሚወረስ ስለሆነ በዕድሜ አንዴ ከተለካ ይበቃል። በዴሲሊትር ከ50 ሚሊግራም ካለፈ ሌላውን ሁሉ ይበልጥ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ሁዳዴ ላይ ግን አትለኪ። ቅቤና ሥጋ ስለሌለ ኤልዲኤሉ ያምራል፣ ከፋሲካ በኋላ ሌላ ነው። ጾም ነው እያልሽ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ካበዛሽም ትራይግሊሰራይዱ ይወጣል። ከፈሰክሽ ከወር በኋላ፣ ለ12 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም ሳትቀምሺ ሂጂ። ስኳርና ታይሮይድ አብረው ይታዩ፤ ሁለቱም ስቡን ያዛባሉ።

ሐኪሙ አቶርቫስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ካሰበ፣ ልጅ መውለድ እንደምትፈልጊ መጀመሪያ ንገሪው። ከጀመርሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራውን ድገሚ። ቁጥሩ ሲወርድ «ዳንኩ» ብለሽ እንዳትተዪው፤ ያወረደው መድኃኒቱ ነው፣ ስታቆሚው ተመልሶ ይወጣል።

አዲሱን ውጤት ስትልኪ ገጹን ሳትቆርጪ ላኪው። መለኪያው ሚሊሞል ከሆነ ወደ ሚሊግራም ለመቀየር ኮሌስትሮሉን በ39 ማባዛት አለብኝ፣ ትራይግሊሰራይዱን በ89።