የድሮ ኮሚክ ዋጋ ለምን እንደዚ ሆነ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሰሞኑን አዳማ ያለው የኮሚክ (በስዕል ታሪክ የሚነገርበት መጽሔት) ሱቃችን የመጣችሁም በቴሌግራም የጻፋችሁልንም በብዛት የጠየቃችሁን አንድ ነገር ነው፣ ድሮ በ1,100 ብር የሸጣችሁልኝ ኮሚክ አሁን እንዴት ከእጥፍ በላይ ይሆናል የሚል። ተቀይማችሁ የወጣችሁም አላችሁ። አንድ ከሃይስኩል ጀምሮ የምናውቀው ልጅ "እናንተም እንደሌላው ሆናችሁ በቃ" ብሎን ሄደ፣ ይሄ ነገር ከውስጣችን አልወጣም፣ ስለዚ ሁሉንም በግልጽ ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

መጀመሪያ የብሩን ነገር። ኮሚኮቹ አዳማ የሚደርሱት ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው፣ እዛ ያለው ሻጭ ደሞ የሚቀበለው ዶላር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ሐምሌ 22 ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ ከዛ ወዲህም ያው ሽቅብ ነው። 20 ዶላር የሚያወጣ ኮሚክ በድሮው ሂሳብ 1,140 ብር ነበር፣ ዶላሩ 100 ሲገባ ያው ኮሚክ 2,000 ብር ሆነ፣ የኛ ትርፍና የሚያመጣልን ሰው ሳይታሰብ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደሞ ብዙዎቹ ተራ እትሞች እዛ አሜሪካ ረክሰዋል። በኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ኢንተርኔት ላይ ሲገዛ በፈረንጆቹ 2021 ዋጋው ጣራ ነካ፣ ከ2022 በኋላ ግን ቀዘቀዘ። እዛ ረከሰ እኛጋ ተወደደ። ይሄን የምንነግራችሁ አንዳንድ ሰው ኮሚክ ገዝታችሁ አስቀምጡ ያተርፋችኋል እያለ ስለሚሸጥላችሁ ነው፣ እባካችሁ የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ክፍያ እዚ ላይ እንዳታውሉት።

በዶላርም የምር የተሰቀሉ አሉ፣ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በፈረንጆቹ 1938 (ከዚ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) ሲታተም ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፣ በ2024 አንዱ ኮፒ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስፓይደርማን የጀመረበት የ1962ቱ እትም 12 ሳንቲም ነበር፣ በጣም ንጹህ የሆነ አንድ ኮፒ በ2021 3.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ምክንያቱ እድሜ ብቻ አይደለም። የሱፐርማኑ 200,000 ያህል ታትሞ ዛሬ ያለው 100 ገደማ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው፣ ልጆች አንብበው ጣሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደሞ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ተብሎ ከየቤቱ ይሰበሰብ ስለነበር ስንቱ ኮሚክ አብሮ ሄደ። በተቃራኒው የ1991ዱ ኤክስሜን ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን በላይ ታትሞ ሁሉም ሰው ይወደዳል ብሎ አስቀመጠው፣ ሁሉም ስላስቀመጠው ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል። አሮጌ ነው ብቻ ብላችሁ አትግዙ።

አንድ ያየነውን እንንገራችሁ። ባለፈው አንድ አባት ወንድማቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን አንድ ካርቶን ኮሚክ ይዘው መጡ፣ ከላይ የነበሩት ተራ ናቸው፣ ከስር ግን ሀልክ የሚባለው ኮሚክ ቁጥር 181 ወጣ፣ የ1974 እትም፣ ዎልቨሪን የሚባለው ጀግና በደንብ ገብቶ የሚታይበት የመጀመሪያው፣ ሽፋኑ ላይ 25 ሳንቲም ይላል። እጃችን እየተንቀጠቀጠ ነው የገለጥነው። የአንባቢዎች ደብዳቤ ያለበት ገጽ ላይ ስንደርስ በመቀስ የተቆረጠ ባለአራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፣ ከጀርባ ያለው ገጽ በቀዳዳው ይታያል። ያኔ አሳታሚው ማርቭል እዛ ገጽ ላይ ትንሽ ቴምብር ያትም ነበር፣ ልጆቹ ቆርጠው እንዲሰበስቡ፣ የሆነ ልጅ የተባለውን አድርጎ ቆርጦታል። ያቺ ቴምብር ከሌለች ዋጋው በጣም ነው የሚወርደው። አባትየውን ቁጭ አድርገን፣ ቡና አስመጥተን አስረዳናቸው፣ "ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ" አሉን። እውነታቸውን ነው። ስለዚ ይሄን ቁጥር የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እዛ ገጽ ድረስ ገልጣችሁ እዩ፣ በፎቶ ብቻ ከሆነ የገጹን ፎቶ ጠይቁ፣ እምቢ ካለ ተዉት።

ሌላው አያያዝ ነው። የድሮ ኮሚክ የሚታተመው በጋዜጣ ወረቀት ነው፣ ውስጡ አሲድ ስላለው በራሱ ጊዜ ቢጫ ይሆናል ይሰባበራል፣ ሙቀትና ፀሐይ ደሞ ያፋጥኑታል፣ የአዳማን ሙቀትና አቧራ እናንተው ታውቁታላችሁ። እኛ ራሳችን በመጀመሪያው ዓመት ከቆርቆሮው ስር ባለ መደርደሪያ ላይ በተራ ፌስታል ጠቅልለን ያስቀመጥናቸው ስምንት ኮሚኮች ሽፋናቸው ከፌስታሉ ጋር ተጣብቆ ቀለሙ ተልጦ ወጣ፣ እስካሁን ሳስበው ያመኛል። አሁን መሬት አካባቢ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገን፣ ከጀርባው ካርቶን ገብቶ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ። ላሚኔትም አታስደርጉ፣ አንድ ልጅ ይጠብቅልኛል ብሎ የአጎቱን ኮሚክ ሽፋን ላሚኔት አስደርጎት መጣ፣ እሱን መልሶ ማላቀቅ አይቻልም። የምር የሚሰበሰቡት ኮሚኮች እዛ አሜሪካ እንደ አያያዛቸው ከ10 ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ አንድ እጥፋት ወይ የዛገ ስቴፕል (ገጾቹን የሚያያይዘው ሽቦ) ነጥቡን ይቀንሳል፣ በነጥቡ ልክ ነው ዋጋው የሚወጣውም የሚወርደውም።

ከእንግዲህ የምንሰራው እንዲህ ነው። ለምታዙት ኮሚክ የዶላር ዋጋውን፣ የቀኑን ምንዛሬና የኛን ትርፍ ለየብቻ ጽፈን እናሳያችኋለን፣ ግማሹን ቀብድ ስትከፍሉ የዛን ቀን ዋጋ ይጸናል፣ እቃው እስኪመጣ ብር ቢወርድ ኪሳራው የኛ ነው። ሽፋናቸው የተቀደደ፣ ስም የተጻፈባቸው፣ ለሰብሳቢ የማይሆኑት በሩጋ ባለው መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ለማንበብ ከነሱ የሚበልጥ የለም፣ ዋጋቸውንም አልጨመርንም፣ መግዛት የማይችል ተማሪ እዛው ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል፣ እጁን ታጥቦ ብቻ። ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ኮሚክ ደሞ ይዛችሁ ኑ፣ በነጻ እናይላችኋለን፣ እንገዛለንም ብንል ሌላ ሰውጋ ጠይቃችሁ ነው የምትሸጡልን።

ያ ተቀይሞ የሄደው ልጅ ይሄን ካነበብከው፣ የጠየቅከው ቁጥር ከሽያጭ ወጥቶ ባንተ ስም ተቀምጧል፣ በድሮው ዋጋ ና ውሰደው።