«የሕዝብ» ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ቅዳሜ ስለ አሜሪካዊው የመድረክ ዘፈን ደራሲ ስለ ስቲቨን ሶንድሃይም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ በግኜ። ደስ ያለኝ ለመድረክ ዘፈን ደራሲ ግማሽ ገጽ የሚሰጥ ጋዜጣ በመገኘቱ ነው። እኛ የለመድነው ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ዘፋኙ መኪናና ስለ ዘፋኙ ሠርግ ማንበብ ነው። ያበገነኝን ደግሞ ልንገራችሁ።

«የዌስት ሳይድ ስቶሪን ግጥምና ዜማ የደረሰው ሶንድሃይም» ብላችኋል። ዜማውን አልደረሰም። ዜማው የሊዮናርድ በርንስታይን ነው። ሶንድሃይም የጻፈው ግጥሙን ብቻ ነው። ሙዚቃዊ ቲያትሩ የኒው ዮርክ ቲያትር ቤቶች ማዕከል በሆነው ብሮድዌይ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ልጁ ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። የሚመኘው ዜማ መድረስ ስለነበር ለግጥም ብቻ መቀጠሩ አልጣመውም። ከትልልቆቹ ጋር ሥራ፣ ትማርበታለህ ብሎ የገፋፋው መምህሩ ኦስካር ሃመርስታይን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ «ጂፕሲ» በተባለው ቲያትርም ዕጣው ያው ሆነ። ዋናዋ ተዋናይት ባልታወቀ ልጅ ዜማ አልዘፍንም አለች፤ ዜማው ለጁል ስታይን ተሰጠ። ግጥሙንም ዜማውንም የራሱ አድርጎ ብሮድዌይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ትንሽ ስህተት ናት» ትሉ ይሆናል። ሰውዬውን ራሱን ብትጠይቁት ትንሽ አይላትም ነበር። ቲያትሩ ኒው ዮርክ ከመግባቱ በፊት ዋሽንግተን ለሙከራ ሲታይ፣ በግጥሙ ላይ የሁለቱም ስም ነበር። በርንስታይን ቀደም ብሎ ግጥም ሞካክሮ ስለነበር ነው። ሃያሲዎቹ ታዲያ ልጁን ዘለሉት። በርንስታይን ይህን ሲያይ የራሱን ስም ከግጥሙ ላይ አስነሳ። ክፍያውንም እኩል እንካፈል አለው። ልጁ ስሜ ከተጻፈ ይበቃኛል ብሎ ገንዘቡን ተወው። ኋላ ግን፣ ያኔ አፌን በመሐረብ የሚወትፍልኝ ሰው ምነው በነበረ እያለ ይቀልድ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ያ ትልቅ ሙዚቀኛ ስሙን አንስቶ ለልጁ የልጁን ሰጠው። እናንተ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ቆይታችሁ፣ ዜማውን ከበርንስታይን ነጥቃችሁ ደረባችሁለት። ቸርነታችሁ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ይህንንስ በስህተት ልለፈው። የማላልፈው የመጨረሻዋን አንቀጽ ነው። «በአገራችን ግን የመድረክ ዘፈን ደራሲ የሚባል ሙያ አልነበረም፤ የክፍለ ሀገር ኪነቶች ያቀርቡ የነበረው የሕዝብ ዘፈን ነው» ይላል። እሺ። ለአሜሪካኑ ያልሠራውን ዜማ ጨመራችሁለት፤ የእኛን የሠራነውንም ወሰዳችሁት።

ጎንደር ውስጥ የቀበሌ ኪነት አባል ነበርኩ። ሥራዬ ግጥም መጻፍ ነው። ሶንድሃይም «ስዊኒ ቶድ»ን ብሮድዌይ ያወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ እኛም ሙዚቃዊ ድራማ አዘጋጁ ተባልን። አዎ፣ ሙዚቃዊ ድራማ። ስሙ ራሱ ነበረን። ታሪኩ የአንዲት የደምቢያ ሴት ነው። ባሏ የላከላትን ደብዳቤ ለማንበብ ፊደል ትቆጥራለች። እኔ በኒያላ ሲጋራ ፓኮ ጀርባ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

ኩራዜን ለኩሼ ሌቱን አልተኛውም፣
ፊደል የቆጠረ መንገድ አይጠፋውም።

የወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት። ዜማውን የሠራው የማሲንቆ ተጫዋቻችን ነው፣ የቡርባክስ ልጅ። ቡርባክስን ለማታውቁ፣ ጎንደር አጠገብ ያለች የአዝማሪዎች መንደር ናት። ልጁ ፓኮውን ተቀብሎ አላነበበም፤ ማንበብ አይችልም ነበር። እኔ ስልለት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከዚያ «ሌቱን» ላይ ድምፁን ጎተት አደረጋት፤ ሴትዮዋ እውነትም እንቅልፍ አጥታ ያደረች መሰለች። አዳራሹ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ አስደገመን።

ከዚያ ካድሬው መጣ። ኩራዝ ኋላ ቀርነትን ያሳያል አለ። «ንቃተ ህሊና» የሚል ቃል ይግባ። አስገባሁ፤ ምን ላድርግ? የማሲንቆው ልጅ ሁለቴ ሞከረና ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ይሄ ቃል እዚህ ላይ አይቀመጥም፤ ወንበር ፈልጉለት» አለ። እስከ ዛሬ ያችን ሴት «ንቃተ ህሊና» ማሰኘቴ ያሳፍረኛል። ሶንድሃይምም እንዲህ ያለ እፍረት ነበረው። በዚያው በዌስት ሳይድ ስቶሪ ከፖርቶ ሪኮ መጥታ ልብስ ለምትሰፋ ልጅ ስንኝ በስንኝ የተጠላለፈ፣ የሳሎን ሰው የሚናገረው ዓይነት ግጥም ጽፌባታለሁ ብሎ ሲቆጭ ኖሯል። እሱን ያስገደደው ካድሬ እንኳ አልነበረም! ይሄን የመሰለ ነገር በጽሑፋችሁ አንድ መስመር አላገኘም። ሽልማቶቹን ግን ቆጥራችኋል።

የኩራዟ ስንኝ ግን አልሞተችም። በ80ዎቹ አጋማሽ ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስመጣ ሾፌሩ ካሴት ከፈተ። «ኩራዜን ለኩሼ» ይላል አንድ ዘፋኝ። የኔው ግጥም፣ የማሲንቆው ልጅ ዜማ፤ ኦርጋን ተጨምሮበት። ፒያሳ ወርጄ ካሴቱን ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። አቀናባሪው በስሙ አለ። ሽፋኑን ፎቶ ያነሳውም በስሙ አለ።

አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ሙዚቃ ቤቱን ጠየቅሁ። ሰውዬው ሻይ አዘዘልኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ የሕዝብ ከተባለ ያንተም እኮ ነው። አንተ ሕዝብ አይደለህም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። የአውቶቡሱን ደርሶ መልስ የከፈልኩት ግን እንደ ሕዝብ ሳይሆን እንደ ግለሰብ ነበር።

እንዳትሳሳቱብኝ። የሕዝብ ዘፈን የለም አላልኩም። የሠርጉ፣ የጥምቀቱ ጭፈራ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። አዝማሪ ቤትም አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ያዞረዋል፣ ሌላው ይጨምርበታል፤ በማግስቱ የማን እንደሆነ ማን ይለያል? እሱ የሕዝብ ነው፣ አልከራከርም። ግን ጻፊው በሕይወት እያለ፣ ያውም ከተማው ውስጥ አድራሻው እየታወቀ፣ «የሕዝብ» ማለት አልጠየቅንም ማለት ነው። የድርሰት መብት ሕግም ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበረ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ተጠናከረ።

«ሙያው አልነበረም» ላላችሁት ደግሞ፣ እናንተው ደጃፍ ላይ ያለውን ልጠቁማችሁ። ከደብረ ኤልያስ የመጣው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ ላይ ቲያትር ከነመዝሙሩ ይደርስ ነበር። የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው እሱ፣ ዜማውን የሠራው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ልብ በሉ፤ የሁለቱም ስም ለየብቻ ይታወቃል።

ስለዚህ እርማት እፈልጋለሁ። ለበርንስታይን ዜማውን መልሱለት። የክፍለ ሀገር ኪነት ያላችሁትንም አስተካክሉ፤ ቢያንስ የጎንደሩን። የማሲንቆው ልጅ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ስለ ዜማው እሱን ወክዬ ልናገር አልችልም፣ የኔ እንዳልሆነ ግን እመሰክራለሁ። ካሴቱን ማየት የሚፈልግ ጋዜጠኛ ካለ ቤቴ ክፍት ነው። ቡና አይጠፋም። ቴፕ ግን ይዞ ይምጣ፣ የኔው ተበላሽቷል።

አንድ የቀድሞ የኪነት ገጣሚ
ከጎንደር