አባባ መርከቡን አይፍሩት

አባባ እንዴት ሰነበቱ፣ ብርዱስ እንዴት አርጎዎታል? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደርም አለች፣ ውሃው እንደልማዱ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። አዘዞ ያሉት ሾፌር ጓደኞችዎ ባገኙኝ ቁጥር መቼ ነው ሚመጡት እያሉ ይጠይቁኛል።

እህቴ ደውላ ከስቶክሆልም ሄልሲንኪ በመርከብ የምትሄዱትን ጉዞ እምቢ አሉኝ አለች። ቲኬት ልትቆርጥ ስትል ቤተክርስቲያን ያገኙት ሰው ኢስቶኒያ ስለምትባለው ስለሰመጠችው መርከብ አጫውቶዎት ከዛ ወዲህ መርከብ ሲነሳ ያማትባሉ አሉ። ሰውየው አልዋሸም፣ ግን የነገረዎ ግማሹን ነው፣ ቀሪውን እኔ ልንገርዎት እሷ ታንብብልዎት።

ያቺ መርከብ በፈረንጅ 1980 ጀርመን ፓፐንበርግ ስትሰራ ስሟ ቫይኪንግ ሳሊ ነበር፣ ከፊንላንድ ቱርኩ ስቶክሆልም ትመላለስ ነበር። ከዛ በ1990 ሲልያ ስታር፣ በ1991 ዋሳ ኪንግ፣ በ1993 ኢስቶኒያ፣ እንግዲህ ሊብሬዋ ስንቴ እንደዞረ ይዩት። 155 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 2,000 ሰው ምትጭን፣ ከስር ደሞ ወደ 460 መኪና። የኛ መስቀል ዕለት ማታ ነው ከታሊን ወደ ስቶክሆልም የተነሳችው፣ 1987 ዓ.ም.፣ ሲነጋ 18 ማለት ነው። ማዕበል ነበር። አፍንጫዋ ወደላይ ተከፍቶ መኪና ሚያስገባ አይነት ነበር፣ ማዕበሉ እሱን ሲደበድብ ሲደበድብ መቆለፊያዎቹ ተበጠሱ፣ የአፍንጫው ክዳን ወድቆ ሲሄድ ከኋላው ያለውን የመኪና መውጫ ጎትቶ ከፈተው፣ ካፒቴኖቹ ደሞ ከመሪው ክፍል ሆነው ክዳኑን ማየት አይችሉም ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ 8 ሰዓት ሳይሞላ ከራዳር ጠፋች። ከ989 ሰው 137 ብቻ ተረፈ።

አሁን ለምን በአንድ ሰዓት እንዳለቀ ከኔ ይልቅ እርሶ ነዎት ሚያስረዱኝ። መኪና ሚቆምበት ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው፣ ግድግዳ የለውም፣ ከባዱ መኪና በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ውሃ ከገባበት ሚያቆመው የለም፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣል። በቃ ሊማሊሞን ሲወርዱ ጎዶሎ ቦቴ ምን እንደሚሰራ ያውቁት የለ፣ "ሙሉው አይደለም ጎዶሎው ነው ሚገለብጥ" ይሉን አልነበር? ያው ነው።

ከሷ በፊትም በፈረንጅ 1987 ቤልጂየም ዜብሩገ ወደብ ላይ ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ በሯን ሳትዘጋ ወጥታ ወዲያው ተገለበጠች፣ 193 ሰው አለቀ። በሩን መዝጋት የነበረበት ረዳት ካቢኑ ውስጥ ተኝቶ ነበር። (እርሶ ቢሆኑ ያንን ረዳት ምን እንደሚሉት አውቃለሁ፣ እዚህ አይፃፍም።) ግን ረዳቱን ብቻ ማማትም ልክ አይመስለኝም፣ ካፒቴኑ ፊት በሩ መዘጋት አለመዘጋቱን የምታሳይ አንዲት መብራት እንኳ አልነበረችም፣ ያን ያላስገጠሙት የቢሮ ሰዎች ናቸው።

ሰውየው ያልነገረዎት እንግዲህ ከዛ በኋላ ያለውን ነው። ኢስቶኒያ ከሰመጠች በኋላ በፈረንጅ 1996 የስቶክሆልም ስምምነት የሚባል ወጣ፣ እዛው እርሶ ያሉበት ከተማ። በሰሜን አውሮፓ ሚሰራ የመኪናና የሰው መርከብ የመኪናው ወለል ላይ እስከ ግማሽ ሜትር ውሃ ቢገባበት እንኳ ሳይገለበጥ መቆም አለበት ይላል። አሮጌዎቹም ሳይቀሩ እንዲያሟሉ ተገደዱ።

እህቴ ልትቆርጥልዎ ያሰበችው ሲልያ ሴሬናዴን ነው። በፈረንጅ 1990 ቱርኩ የተሰራች ናት፣ እህት መርከቧ ሲምፎኒ ደሞ በ1991። 203 ሜትር ትረዝማለች፣ ወደ 2,850 ሰውና ወደ 400 መኪና ትጭናለች። ከ30 ዓመት በላይ የሰራች ናት ብለው እንዳይሰጉ፣ እርሶም የጣሊያን መኪና ስንት ዘመን እንደነዱ ያውቁታል። መሀሏ ላይ ከፎቅ ፎቅ የተከፈተ እንደ ፒያሳ ያለ መንገድ አላት ሱቅና ካፌ ግራ ቀኝ፣ እሱን ብቻ ቢያዩ ይበቃል። ሌሊት ኦላንድ የምትባል ደሴት ላይ ማሪሃም ከተማ ትቆማለች፣ ለሰው ብላ እንዳይመስልዎ፣ ደሴቷ የፊንላንድ ብትሆንም ከአውሮፓ ህብረት የቫት ክልል ውጪ ስለሆነች እሷን ከነኩ መርከቡ ላይ ያለቀረጥ መሸጥ ይቻላል። ህጋዊ ነው አባባ፣ የመተማ ኮንትሮባንድ አይደለም።

ደሞ ከስቶክሆልም ሲወጡ ብዙ ሰዓት በትንንሽ ደሴቶች መሀል ነው ሚሄደው፣ ውሃው ዝም ያለ ነው፣ የጎርጎራውን ጀልባ ይዘን ባህርዳር ስንሄድ ቁንዝላ ያደርን ጊዜ የነበረውን ንፋስ አያስታውሱ። እዚህም ለጣና ጣናነሽ 2 የምትባል ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በሎቤድ ተጭና በአስፋልት ጉዞ ስትጀምር ቪዲዮዋን አይተን ሾፌሮቹ ሁሉ እርሶን ነበር ያነሱት።

በሉ እንግዲህ ይሂዱ። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ካቢን ትያዝልዎ፣ የግፊት መድሃኒትዎ በእጅ ቦርሳ ይሁን ሻንጣ ውስጥ እንዳይቀር፣ ፆም ከሆነ ምግቡን አስቀድማ ትጠይቅልዎ። እህቴ መኪናዋን ይዛ ስለምትገባ ከታች ስትጭኑ አብረዋት ይሁኑ፣ መርከቡ ከተነሳ በኋላ እዛ መውረድ አይፈቀድም። ከባድ መኪናዎቹን ከወለሉ ጋር በምን እንደሚያስሩና ካቴናውን እንዴት እንደሚወጥሩት አይተው ይንገሩኝ፣ ጓደኞችዎም አጥብቀው ጠይቀውኛል።

እማማ ሰላም ብላለች፣ ካፖርቱን አይርሱ ብላለች።

ልጅዎ ከጎንደር