የፕሮግራሚንግ ክበብ ዘገባ፦ ማፕ ወይስ ጄሰን ኦብጀክት?

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን በጃቫ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሠራው ዋና ሥራ ለቤተ መጻሕፍታችን የሚሆን የውሰት መመዝገቢያ ሲሆን፣ አባላቱን ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረው ደግሞ በቁልፍና በዋጋ ጥንድ (በመፈለጊያና በእርሱ ሥር በሚገኝ መረጃ) የሚቀመጠው መረጃ በማፕ ይያዝ ወይስ በጄሰን ኦብጀክት የሚለው ጥያቄ ነበር። ማፕ የቁልፉና የዋጋው ዓይነት አስቀድሞ የሚገለጽበት የጃቫ መያዣ ነው፤ ጄሰን መረጃን በጽሑፍ መልክ የማስቀመጫ ቅርጽ ሲሆን፣ ጄሰን ኦብጀክት ደግሞ በዚሁ ቅርጽ የተሠራ መያዣ ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለጃቫ መሠረታዊ ትምህርት ስለዋለ እርሱን አልዘረዝርም።

የ11ኛ ክፍል አባላት፣ መረጃው በመጨረሻ በጄሰን ፋይል የሚቀመጥ ከሆነ ከመነሻውም በጄሰን ኦብጀክት ቢያዝ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም፤ ጄሰን ኦብጀክት ቁጥርንም፣ ጽሑፍንም፣ ዝርዝርንም፣ ሌላ ኦብጀክትንም ሳይለይ ይቀበላል። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንዲት ተማሪ በቅጂዎች ብዛት ቦታ 2 በማስገባት ፈንታ «ሁለት» ብላ በፊደል ስትጽፍ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ከመሥራቱ በፊት የሚፈትሸውና የሚተረጉመው ፕሮግራም) ዝም አለ፤ ስሕተቱ የታወቀው ፕሮግራሙ ሥራ ጀምሮ ጌትኢንት የተባለው ሜተድ (አንድ ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል) ቁጥር ሲጠይቅ ነው። ቁልፉ ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ዋጋው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) መሆኑ በተገለጸበት ማፕ ግን ያው ጽሑፍ ከኮምፓይለሩ ሊያልፍ አልቻለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቁልፉ ነው። የጄሰን ቁልፍ ሁልጊዜ ጽሑፍ መሆን ስላለበት የክፍል ደረጃዎችን ቁልፍ አድርገን በጽሑፍ ስንደረድራቸው 10፣ 11፣ 12 ቀድመው 9 በመጨረሻ መጣ፤ ኢንቲጀርን ቁልፍ ያደረገ ትሪማፕ (ቁልፎቹን በቅደም ተከተል የሚደረድር የማፕ ዓይነት) ግን 9ን ከፊት አስቀመጠ። አባላቱን እጅግ ያስደሰተው ደግሞ የተማሪዎች ስም በትሪማፕ ሲገባ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ቅደም ተከተል መሰለፉ ነበር፤ ይህም የሆነው ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) የገባው በዚሁ ተራ ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ የተስማማንበት አሠራር፣ እኔም በጥብቅ የምደግፈው፣ መረጃው በፕሮግራሙ ውስጥ እስካለ ድረስ በማፕ እንዲያዝ፣ ወደ ፋይል ሲጻፍና ከፋይል ሲነበብ ብቻ ደግሞ ጄሰን እንዲሆን ነው፤ ጄሰን የተዘጋጀው መረጃን ለመለዋወጥ ነውና። ጄሰን የቀን ዓይነት ስለሌለው የመመለሻው ቀን በጽሑፍ ይቀመጥና ሲነበብ ወደ ቀን ይለወጣል። እንደ ርእስና ደራሲ ያሉት ዘወትር የማይለወጡ መስኮች ግን ለሁለቱም የሚሰጡ ስላልሆኑ የራሳቸውን ክላስ (መስኮቹ በኮዱ አስቀድመው የሚወሰኑበትን ቅርጽ) ሠርተንላቸዋል።

ለሚቀጥለው ዓመት ያደረው ሥራ የስም አጻጻፍ ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለሰው አንድ ስም ቢሆኑም ለማፕ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች በመሆናቸው አንድ ተማሪ በሁለት ቦታ ሊመዘገብ ይችላል፤ አባላቱም ከስም ይልቅ የተማሪውን መለያ ቁጥር ቁልፍ ለማድረግ ዝግጅት ጀምረዋል።